ባለ ቁጥሩ ቤትና የአትጠገብ ቁመት

የልጄ ልጅ ባለፈው እሑድ ከፍኖተ ሰላም ድረስ መጥቶ አማካሪ አደረገኝ። ቤት ሊሠራ ነው። በአንድ እጁ መሐንዲስ የነደፈለትን ፕላን፣ በሌላው እጁ የተገጣጣሚ ቤት ሥዕል ይዞ "አባባ፣ በየትኛው ብሠራ ወጪው ይቀንሳል?" አለኝ። ሰው ሰማንያ ዓመት ካለፈው በኋላ ስለ ወገብ ሕመሙ ካልሆነ በቀር የሚጠይቀው አያገኝምና ደስ አለኝ። መነጽሬን ፈለግሁ፤ አገኘሁ፤ ጠረግሁ፤ ሁለቱንም ወረቀቶች ገልብጬ ያዝኋቸው። ልጁ አቀናልኝ።

"ለመሆኑ የሚስትህ ቁመት ምን ያህል ነው?" አልሁት።

ልጁ ዓይን ዓይኔን አየኝ። ከዚያ ወደ እናቱ ዞረና ቀስ ብሎ "አባባ ምሳ በልተዋል?" አላት። በልቼ ነበር።

እንግዲህ ለእሱ ያልነገርሁትን ለእናንተ ልንገራችሁ። በቤት ወጪ ጉዳይ እንደ እኔ የተማረ ሰው ጎጃም ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ትምህርቱን የተማርሁት በጣሊያን ጊዜ ነው፤ ለትምህርቱም አንዲት በቅሎ፣ ሦስት ገንቦ ማርና ዘጠኝ ዶሮ ከፍያለሁ። ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምንላትን ከተማ ያኔ ወጀት ነበር የምንላት፤ እኔም ያኔ ወጣት ነበርሁ፤ ጥርሴም ሙሉ ነበር።

ቤታችን ከቡሬ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽጉን ከሠራ በኋላ፣ በእኛ ሠፈር በኩል አርበኛ ተኩሶ አመለጠ ተባለና ወታደር መጣ። አርበኛውን አጡት፤ ቤቶቹን ግን አላጧቸውም። ከዳር ጀምረው አቃጠሉ። የእኔ ጎጆ አራተኛዋ ነበረች። ከእሳቱ ያወጣነው አንድ ማሰሮ፣ አንድ ቁርበትና አንድ መጥረቢያ ነው፤ ማሰሮውንም እኔ ስሮጥ ሰበርሁት።

አትጠገብን ካገባኋት ሁለት ዓመት አልሞላንም ነበር። አመዱ ዳር ዳስ ጣልሁና ገባንበት። እኔ ዳሱ ያምር ነበር እላለሁ፤ እሷ ግን ሳል ያዛት። ጭሱና የጠዋቱ ብርድ አልስማማት አለ። በታኅሣሥ አባቷ ከጅጋ በበቅሎ መጡ። አባ ሞላ ይባላሉ፤ ጥቂት ቃል የሚናገሩ ሰው ናቸው። ከዳሱ ውጭ ቆመው የልጃቸውን ሳል ትንሽ አዳመጡና ጠሩኝ።

"ልጄን እዚህ አላስከርማትም" አሉ። "ቤትህን አቁምና መጥተህ ውሰዳት። ሰኔ እስኪገባ ካላቆምህ ግን ሽማግሌ ሰብስቤ ሰማንያዋን አፈርሳለሁ።"

እውነታቸውን ነው። አትጠገብ ሰው ፊት አንቱ ትለኛለች፤ ብቻችንን ስንሆን አንተ ነኝ። ያን ዕለት አባቷ በበቅሎው ኋላ አስቀመጧትና ስትሄድ "ደህና ይሁኑ" አለችኝ። እኔም ደህና እሆናለሁ አልኋት። ውሸቴን ነበር።

ሰው ሲናፍቅ ትልልቁን ነገር የሚናፍቅ ይመስላችሁ ይሆናል። እኔን የናፈቀኝ ጠጠር ነው። አትጠገብ እህል ስትለቅም፣ ያገኘችውን ጠጠር ሁሉ አሻግራ ወደ እኔ ትወረውር ነበር። ወገቤን ትመታኛለች፤ ዞር ስል አንገቷን ደፍታ ጤፏን ታያለች። ከሄደች በኋላ ጥሬዬን ራሴ ለቅሜ፣ ጠጠሩን በእጄ ይዤ፣ የምወረውርበት አጣሁ። አንድ ቀን በሬዬ ላይ ወረወርሁት። በሬው ዞር ብሎ አየኝና ሣሩን ቀጠለ።

ስለዚህ ቤት መሥራት ነበረብኝ።

በአገራችን ቤት ሠሪ ብዙ ነው፤ አለቃ ውቤ ግን አንድ ናቸው። ሦስት ቤተ ክርስቲያን ተክለዋል። መሬቱ ላይ ችካል መትተው ገመዳቸውን ያስሩና ይዞራሉ፤ ዞረው ሲጨርሱ ባዶው መሬት ላይ በሩ፣ ጓዳው፣ መደቡ፣ ጥጃው የሚታሰርበት ሳይቀር ይታያችኋል። ዛሬ መሐንዲስ በወረቀት የሚሠራውን እሳቸው በእንጨት ጫፍ አፈር ላይ ይሠሩት ነበር። ያ ገመዳቸው መቼም ከወገባቸው አይለይም። ቋጠሮ የበዛበት ገመድ ነው፤ አንዱ ቋጠሮ የአንድ ቤት ልክ ነው ይባላል።

ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምሁ። መጥተው የጎጆዬን አመድ ዞሩት፤ አፈሩን አሸተቱ፤ ነፋሱ በየት በኩል እንደሚመጣ ጠየቁኝ። ከዚያ "እመቤቲቱ የታለች?" አሉ።

"ጅጋ ናት፣ አለቃ። ቤቱ ሲያልቅ ትመጣለች።"

"እንግዲያው ቤቱም እሷ ስትመጣ ያልቃል" አሉና ገመዳቸውን መልሰው ታጠቁ።

የሳቸው ሥርዓት እንዲህ ነበር፤ የቤቱን ሴት ሳያዩ ችካል አይመቱም። በሩ እሷ እንስራ አዝላ ስትገባ ጎንበስ የማትልበት መሆን አለበት። መደቡ በጉልበቷ ልክ፣ የጓዳው መስቀያ እጇ በሚደርስበት። "ወንድ ቤት ውስጥ ምን ሥራ አለው?" አሉኝ። "ይበላል፣ ይተኛል፣ ይወጣል። ቤቱን የምትለብሰው እሷ ናት። ልኳን ሳላውቅ ቀሚስ ልስፋላት?"

ለመንኋቸው። የአማቼን ቃል ነገርኋቸው። ሚስቴ ያለ ቤት አትመጣም፣ ቤቱ ያለ ሚስቴ አይሠራም፤ እኔ መሐል ላይ ቆሜ ክረምቱ እየመጣ ነው አልሁ። ራራ አሉ መሰለኝ፣ "እሺ፣ ቁመቷን ንገረኝና እንሞክረው" አሉ።

ደስ ብሎኝ ቆምሁና እጄን ትከሻዬ ላይ አድርጌ "እዚህ ትደርሳለች" አልሁ። ወዲያው ተጠራጠርሁ። ውድማ ላይ ጎን ለጎን ቆመን እህል ስናበራይ ሻሿ ጆሮዬን ሲነካኝ ትዝ አለኝ። እጄን ወደ ጆሮዬ ከፍ አደረግሁ። ከዚያ ደግሞ በሠርጋችን ዕለት ግንባሯ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ ታየኝና ዝቅ አደረግሁት። ዓይኔን ጨፈንሁ። ፊቷ መጣልኝ፤ ሳሏ መጣልኝ፤ ጠጠር ስትወረውር እጇ መጣልኝ። ቁመቷ አልመጣም አለ። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የሚስቴን ልክ አጣሁት። አለቃ እጄ ሲወጣ ሲወርድ እያዩ ቆዩ።

"ሂድ ልጄ" አሉኝ፤ ክፉ አልተናገሩም። "ሲገኝልህ ና።"

እንዲያም ሆኖ ወጪውን ነግረውኝ ነበር፤ አርባ ቋሚ፣ ሰማንያ ወራጅ፣ ማገሩን እግዜር ይቁጠረው፣ ስልሳ ሸክም ሣር፣ ለደቦው ሁለት ጋን ጠላና አንድ ወይፈን፣ ለእሳቸው አንድ ጋቢና አንድ ገንቦ ማር። ቀኑን ስንቆጥረው ደግሞ አቦ አለ፣ ሥላሴ አለ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔ ዓለም፣ በዓለ ወልድ፤ ቅዳሜና እሑድ ሲቀነስ፣ ዓርብና ረቡዕ በጾም ጉልበት ከባድ እንጨት አያነሡም። ከሠላሳው ቀን ለእኔ የተረፈኝ ስምንት ገደማ ነው።

በዚህ ጭንቀት ላይ ሳለሁ ነው አያ ዘለቀ ብቅ ያሉት። አያ ዘለቀ ጎረቤቴ ናቸው፤ ዘራቸው ከአገው ነው፤ አገውኛም አማርኛም እኩል ያውቃሉ። ቡሬ ምሽጉ ውስጥ ሸክም ስለሚሸከሙ ጣሊያንኛም እችላለሁ ይላሉ። በኋላ እንዳየሁት የሚያውቁት ጣሊያንኛ ከአንድ እስከ ሃያ መቁጠር፣ "ስንት?" ማለትና ሦስት ስድብ ነው፤ ግን ሁሉንም በድፍረት ይናገሩታል።

"ቤት አለልህ" አሉኝ። "ያለቀ ቤት። በሣጥን ታስሮ ከባሕር ማዶ የመጣ። ቁጥር ተጽፎበታል፤ ቁጥሩን ተከትለህ ታቆመዋለህ፤ ጠዋት ጀምረህ ማታ ትገባበታለህ።"

ቤቴን ያቃጠለው ሰውዬ ቤት ይሽጥልኝ? አልሁ። አያ ዘለቀም ታዲያ ዕዳው ያለበት ማን ሆነና፣ አሉኝ። ይህ አነጋገራቸው አሳመነኝ። ከሁሉ በላይ ያሳመነኝ ግን ያ ቤት የሚስቴን ቁመት አለመጠየቁ ነው።

ቢሆንም አስተዋይ ሰው ነኝና ወጪውን ሳላወዳድር አልወሰንሁም። የተቆላ ባቄላ በሰፌድ አቀረብሁና በሁለት ከፈልሁት። በስተቀኝ የአለቃ ውቤ ቤት፣ በስተግራ የቡሬው ቤት። ለወይፈኑ ዐሥር ባቄላ፣ ለጠላው ስድስት፣ ለማሩ አራት፣ ለሣሩ ስምንት እያልሁ ደረደርሁ። በግራም እንዲሁ አያ ዘለቀ በግምት እንደነገሩኝ ለበቅሎዬ፣ ለማሩ፣ ለዶሮው። ሐሳብ ሲገባኝ መቆርጠም ልማዴ ነው። ቆጥሬ ስጨርስ የቡሬው ቤት በግማሽ ያህል ርካሽ ሆኖ አገኘሁት። የግራውን ክምር ስቆረጥም እንደቆየሁ የገባኝ ከሁለት ወር በኋላ ነው።

ቡሬ ሄድን። በምሽጉ በር አያ ዘለቀን ተከትዬ ገባሁ። የዕቃ ቤቱ ሹም አጭር፣ ራሰ በራ፣ ፊቱን ፀሐይ የላጠው ሰው ነው። አያ ዘለቀ ቁጥር ጠሩ፤ እሱ ቁጥር መለሰ፤ አያ ዘለቀ ተሳደቡ፤ እሱ ሳቀ። በዚህ ዓይነት ንግግር ዋጋው በቅሎዬ፣ ሁለት ገንቦ ማርና ዐሥራ ሁለት ዶሮ ላይ ቆመ።

ሣጥኖቹን ሊያሳየን ወሰደን። አቧራ ለብሰዋል። ከመጡ ወዲህ የነካቸው የለም። ይህን ቤት ለማን ነበር ያመጣኸው ብዬ በአያ ዘለቀ አስጠየቅሁት። አያ ዘለቀ "ስንት?" ብለው ጠየቁልኝ፤ ሌላ ቃል የላቸውምና። እኔ ግን በእጄ ሣጥኑን፣ ከዚያ እሱን፣ ከዚያ ሌላ ሰው እያሳየሁ ጠየቅሁት። ገባው። ከደረቱ ኪስ ፎቶግራፍ አወጣ። ሴት ናት፤ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። በጣቱ ሣጥኖቹን አሳየኝ፤ እሷን አሳየኝ፤ ወደ ሩቅ፣ ወደ ባሕሩ መሰለኝ፣ አሳየኝና ጣቱን ወዲያና ወዲህ ነቀነቀው። አልመጣችም ማለቱ ነው።

እኔም ባለኝ ቋንቋ የእኔም ሄዳለች አልሁት፤ ወደ ጅጋ አሳየሁት። ከዚያ፣ ፎቶው ላይ ተቀምጣ ስለሆነ፣ እጄን አንሥቼ እስከ የት ትደርሳለች ብዬ ጠየቅሁት። ሰውዬው እጁን ትከሻው ላይ አደረገ። ትንሽ አሰበና ከፍ አደረገው። ከዚያ መልሶ ዝቅ አደረገው። ከዚያ ፎቶውን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ላዝንለት አልፈለግሁም ነበር። ወገኖቹ ቤቴን አቃጥለዋል፤ ሚስቴን ሳል ያስያዙብኝ እነሱ ናቸው። ግን አዘንሁለት፤ በማዘኔም መንገዱን ሁሉ በራሴ ተናድጄ ተመለስሁ። ሹሙ ከዋጋው ሦስት ዶሮ ቀንሶልኝ ነበር።

በግንቦት መጀመሪያ ቤቱ በዐሥራ አራት አህያ ተጭኖ መጣ። የአህያው ኪራይ በባቄላው ውስጥ አልነበረም። ደቦ ጠራሁ፤ ደቦ ደግሞ ያለ ጠላ አይጠራምና ሁለቱ ጋን ጠላ ከአለቃ ቤት ወጪ ወደዚህኛው ተዛወረ። ወይፈኑም እንዲሁ ተዛወረ። ሃያ ሰው መጣ። ሣጥኖቹ ተፈቱ። ሃያ የእንጨት ግድግዳ፣ ለየአንዳንዱ ቁጥር፤ ስድስቱ ባለ መስኮት፣ ሁለቱ ባለ በር። ከነሱ ሌላ ቁጥር የሌላቸው አራት ረጃጅም ቋሚዎች፣ ብዙ ቆርቆሮና አንድ ወረቀት።

ወረቀቱን ሁላችንም በየተራ አየነው። ቤቱ ተሥሎበታል፤ አራት ማዕዘን ነው። በአገራችን ሰው የሚኖርበት ቤት ክብ ነው። አራት ማዕዘን የሆነው መቅደሱ ነው፤ እሱም የታቦት ማደሪያ ነው። ማን ደፍሮ ሚስቱን ይዞ እንዲያ ያለ ቤት ውስጥ ይተኛል? ከደቦው ሽማግሌ አንዱ ፈረንጅ ክብ መሣል ስለማይሆንለት እንጂ ቤቱስ ክብ ነው፣ አሉ። ሁሉም ተስማማ። እኔ ከሁሉ ቀድሜ ተስማማሁ። ደግሞም ቁጥሩ ራሱ ይመሰክር ነበር፤ አንድ ከሁለት ይያያዛል፣ ሁለት ከሦስት፣ እንዲህ እያለ ሃያ ደርሶ ተመልሶ አንድን ካላገኘ መቆጠሩ ምን ይጠቅማል?

አራቱ ቁጥር የሌላቸው ቋሚዎች ግን ጥቂት አከራከሩን። አያ ዘለቀ ምሰሶ ናቸው አሉ። አራት ምሰሶ ለአንድ ቤት? ተባሉ። እነሱ አገር ወፍራም ዛፍ የለም፤ ስለዚህ አራት ቀጫጭን ልከው እዚህ እሰሩት ማለታቸው ነው፣ ብለው መለሱ። አራቱንም በጠፍር ጥፍንግ አድርገን አሠርናቸውና መሐል ላይ ተከልናቸው። ጥሩ ምሰሶ ወጣው፤ ደቦው እልል አለ። የማዕዘን ቋሚ መሆናቸውን ያወቅሁት ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው።

ከዚያ ግድግዳውን በክብ ማቆም ጀመርን። አያ ዘለቀ ቁጥር ይጠራሉ፣ ሰው ይሸከማል። ግድግዳ ከግድግዳ ሲገጥም በቀጥታ እንጂ በመጠምዘዝ አልተሠራምና በየመሐሉ ድመት ሳታጎነብስ የምታልፍበት ክፍተት ቀረ። ክፍተቱን በጭቃ ደፈንነው። ጭቃው ከተላገው ጣውላ ላይ አልይዝ አለ። ሰባተኛውን ስናቆም ሦስተኛው ይወድቃል። ስድስቱ መስኮቶች በስድስት አቅጣጫ ሆኑ፤ ጠዋት ስድስት ጎረቤት እንዴት አደርህ ይለኛል። ከሁለቱ በሮች አንዱ ወደ ውስጥ፣ አንዱ ወደ ውጭ ይከፈታል፤ ነፋስ ሲመጣ ሁለቱም ይከፈታሉ። ቆርቆሮው ለክብ ጣራ አልታጠፍ አለ፤ ግማሹን በቆርቆሮ፣ ግማሹን በሣር ከደንነው፤ ቆርቆሮው እንደ ተሰበረ ጥላ በየቦታው አፈነገጠ። ደቦው ጠላውን ጨርሶ፣ ቤቱን ዞር ብሎ ሳያይ ወደየቤቱ ሄደ።

በማግሥቱ የባሰ መጣ። በአካባቢው ካሉት አርበኞች አንዱ ጠመንጃውን አንግቶ ደረሰ። ከጠላት ቤት ገዝቷል፣ ባንዳ ሆኗል የሚል ወሬ ሰምቶ ነው። ሰውዬው ቤቱን አንድ ጊዜ ዞረው። ባንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው ወጣ። ግድግዳ ቁጥር ዐሥራ አንድን በጣቱ ገፋ አደረገው፤ ወደቀ። ከዚያ አጠገቤ መጥቶ በሐዘን ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እንዲህ ያለ ነገር በገንዘቡ የገዛ ሰው ከጣሊያን ጋር ሊወዳጅ አይችልም፣ ብሎ ሄደ። ሁለት ቆርቆሮ ወሰደ።

ወሬው እስከ ጅጋ ገበያ ደረሰ። ሰው ሊያየኝ መምጣት ጀመረ፤ ስንቁን ይዞ የሚመጣም ነበረ። አለቃ ውቤ ሳይቀሩ መጡ። ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይንቀጠቀጣሉ። መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ሰኔ ሊገባ ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር። እኔ በቅሎ የለኝ፣ ዶሮ የለኝ፣ ወይፈን የለኝ፤ ያለኝ አገር የሚስቅበት ጣውላ ብቻ ነው። ያን ቀን ጠዋት ምሰሶውን ተደግፌ ተቀመጥሁ፤ አትጠገብን ለዘለዓለም እንዳጣኋት ቁርጡን አወቅሁ፤ እንባዬም መጣ። በስድስቱም መስኮት ሰው ስለሚያይ ለማልቀስ እንኳ አልተመቸኝም።

ያን ጊዜ ነው የበቅሎ ኮቴ የሰማሁት። አማቼ ከፊት በበቅሎ፣ አትጠገብ ከኋላ በእግሯ። ወሬውን ሰምታ ካላየሁ ብላ አባቷን አስቸግራ ነው የመጣችው። ተነሥቼ ወጣሁ። የተሰበሰበው ሰው መንገድ ለቀቀ። ሳሏ ለቋታል፤ ፊቷ ሞልቷል። ቤቱን ከላይ እስከ ታች አየችው። አባ ሞላም አዩት። ነፋስ ሽው አለ፤ ሁለቱም በሮች ተከፈቱ፤ ሰባተኛው ግድግዳ ቀስ ብሎ፣ ሰው እንደሚተኛ አድርጎ፣ ተኛ።

አትጠገብ ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየኋትም። ወገቧን ይዛ፣ በሩን ተደግፋ፣ በሩ አብሯት እየሄደ፣ ሳቀች። ስትስቅ አባቷም ሳቁ፤ አለቃ ውቤ ጋቢያቸውን ከአፋቸው አነሡ።

ከዚያ አለቃ ሳቃቸውን ጨርሰው ከድንጋዩ ተነሡ። ገመዳቸውን ከወገባቸው ፈቱ። "ቀጥ በይ ልጄ" አሏት።

"ምን ሊያደርጉ ነው አለቃ?"

"ባልሽ ሊነግረኝ ያልቻለውን ልለካ ነው። ትከሻዬ አለ፤ ጆሮዬ አለ። ሲያነሣና ሲያወርድ ዋለ።"

ከተረከዟ እስከ አናቷ ለኩና ቋጠሩት። ከዚያ እኔን አጠገቧ አቆሙና ገመዱን በጎኔ ዘረጉት። ቋጠሮው ትከሻዬ ላይ ዐረፈ። ሰው ሁሉ ያያል። አትጠገብ ቋጠሮውን አየች፤ እኔን አየች። አባቷ ፊት፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት፣

"አንተ፣ ቁመቴን ረሳኸው?" አለችኝ።

"አልረሳሁትም" አልኋት። "ስትናፍቂኝ እየረዘምሽብኝ ነው።"

አንገቷን ደፋች። አባ ሞላ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ በቅሏቸው ዞሩ። ይህን ቤት ብዬ አልጠራውም፤ ነገር ግን ሰውዬው እንዳልተቀመጠ አይቻለሁ፤ ሰኔ ጥቂት ቢያልፍም አልቆጥርበትም፣ አሉ። አትጠገብ ከእሳቸው ጋር አልተመለሰችም። አክስቴ የተቃጠለ ቤቷን በዚያ ሰሞን መልሳ አቁማ ነበር፤ እዚያ ሰነበተች፤ ቀን ቀን እየመጣች ጭቃ ስትረግጥ ዋለች።

ያን ዕለት ሊስቅ የመጣው ሰው ደቦ ሆኖ ቀረ። ጣውላው መደብ ሆነ፣ የጓዳ መስቀያ ሆነ፣ የከብት በረት ሆነ። የተሰበሰበው ሁሉ እንጨትና ሣር አመጣ። አለቃ ውቤ በበዓል ቀን እጃቸውን አያነሡም፤ ግን ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ማዘዝ ሥራ አይደለም የሚል ሐሳብ ከየት እንደሆነ እንጃ አገኙ። ምሰሶዬን ዞረው ዞረው አዩት፤ አንኳኩት፤ ገፉት። "ከሠራችሁት ሁሉ ቀና የሆነች ይቺ ብቻ ናት፤ ትቁም" አሉ። ሰኔ በገባ በዐሥረኛው ቀን፣ ዝናሙ ሲጀምር ገባን። በሩ ስር እንስራ አዝላ ጎንበስ ሳትል ገባች። የአለቃ ጋቢና አንድ ገንቦ ማራቸው ተከፈለ። እንግዲህ ወጪውን ማወዳደር ለሚፈልግ ሰው መልሱ ይኸው ነው፤ የሁለት ቤት ወጪ አውጥቼ አንድ ቤት ሠራሁ።

የቡሬው ሹም ጣሊያን ሲወጣ አብሮ ወጣ። ቤቱ ደርሶ ይሆን? ያቺ ሴት ከወንበሩ ተነሥታ ልኳን አሳይታው ይሆን? አንዳንዴ አስበዋለሁ።

አትጠገብ ካረፈች ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ጣራው ቆርቆሮ ሆኗል፤ ግድግዳው ሦስት ጊዜ ታድሷል፤ ምሰሶው ያው አራቱ እንጨት ነው። አለቃ ውቤ ያን ዕለት የለኩበትን ገመድ ቆርጠው ሰጥተውኝ ነበርና ምሰሶው ላይ፣ ከወለሉ ጀምሮ፣ በሚስማር መትቼዋለሁ። ቋጠሮው በቦታው አለ። ጤፍ ሲለቀም ስሰማ ወገቤን የሚመታኝ ጠጠር አሁንም እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ተነሥቼ ምሰሶው ዘንድ እሄድና ጎን ለጎን እቆማለሁ።

የልጄ ልጅ እሑድ ዕለት ሊሰናበተኝ ሲገባ እዚያ ቆሜ አገኘኝ። ምን ያደርጋሉ አባባ አለኝ። ሚስትህን ይዘሃት ና፤ ወረቀቱን በኋላ እናየዋለን፤ መጀመሪያ ልኳን ያዝ፣ አልሁት። እሺ አለኝ፤ ልብ ግን ያለ አልመሰለኝም። ልጅ ነው፤ ሚስቱም በየቀኑ አጠገቡ ናት።

ቋጠሮው ያኔ ትከሻዬ ላይ ነበር። ዛሬ ስቆም ጆሮዬን ይነካኛል። እኔ አጥሬያለሁ፤ እሷ እንደነበረች ናት። ለአለቃ ውቤ ያኔ አንዴ ትከሻዬን፣ አንዴ ጆሮዬን አሳየኋቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ እውነቴን ነበር።